ደመወዝሽን ደብቂ ለሚሏችሁ

በቅርቡ ያገባች አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ደመወዝ ተጨመረልኝ። ለባሌ ልንገረው ወይስ ዝም ልበል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ነበርኩ። ሥራ ካቆምኩም በኋላ ሰው መጠየቁን አልተወም። ለእሷ ግን ቶሎ መልስ አልመጣልኝም፤ እህቴ ትዝ አለችኛ።

እትዬ ነርስ ነበረች። ደመወዝ የወጣ ቀን ፖስታውን ሳትከፍት ለባሏ ታስረክባለች። ከዚያ ለትራንስፖርት እንኳ ስትፈልግ ትጠይቀዋለች። ሰውየው ክፉ አልነበረም። አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም። ነገሩን ያከበደውም ይሄው ነው፤ በምን ይከሰሳል? ዘመኑ የደርግ ነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ሴቶች እኩልነት መፈክር የሚያሰማው እሱ ነበር። ድምፁም ያምር ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

አንድ ጊዜ ሌላ ከተማ ሄዳ የምትማርበት ዕድል መጣላት። ባሏ «ቤቱን ማን ይይዘዋል?» አለ፣ በቃ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ያኔ የሕግ ተማሪ ነኝ። የሆነ አንቀጽ አላጣላትም ብዬ በ1952 የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ በብብቴ ሸጉጬ ሄድኩ። ልጆቹ ሲተኙ ጓዳ ገብተን ገለጥነው። አንቀጽ 635፦ የቤተሰቡ የበላይ ባል ነው፤ ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ሚስት ልትታዘዘው ይገባል። ገጹን ገለበጥኩ። 646 ደግሞ ባል ሠራተኛ ለማቆም አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ሚስት ትሠራለች ይላል። እትዬ ሳቋን ማፈን አቃታት። «ባሌ ነው እንዴ የጻፈው?» አለች። ትንሽ ቆይታ ግን «ዝጋው በናትህ፣ እሱ እንዳያገኘው» አለችኝ።

ትምህርቱ አለፋት።

ያ አንቀጽ የተሻረው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ሲወጣ ነው። አሁን ቤተሰቡን በመምራት ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ አንቀጽ 50። እትዬ ግን ያኔ ሥራዋን ከተወች ቆይታለች። ችሎት ቆሜ ይቺን አንቀጽ በጠቀስኩ ቁጥር ይቆጨኝ ነበር።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የዛሬ ልጆች «የሱ የኛ፣ የኔ የኔ» እያላችሁ ትቀልዳላችሁ። ቀልዱን እወደዋለሁ፤ ሕጉ ግን አይቀልድም። በትዳር ውስጥ የሚገኝ የሁለቱም ደመወዝ የጋራ ነው። ብትደብቂውም የጋራ ነው። ቤቱ በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑን ካላስረዳ የጋራ ይባላል። ከሠርግ በኋላ «ያንቺ ያንቺ፣ የኔ የኔ» ብላችሁ ብትፈራረሙ ደግሞ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም። (ይሄ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው።) ደባቂ ሴት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በኔ ዕድሜ ያየሁት ወንዱ ይብሳል፦ አበሉን፣ ቦነሱን፣ በወንድሙ ስም የገዛውን መኪና። የዘንድሮ ወጣት ወንዶችም ይገርሙኛል። ደመወዝ ያላት ሚስት ይፈልጋሉ፤ ግን ማታ ከሥራ አብረው ገብተው ወደ ማድ ቤት የምትሄደው እሷ ናት።

ይሄን ሁሉ ብዬ፣ እትዬ ከዚያ ፖስታ ትንሽ ትንሽ ቀንሳ ብታስቀምጥ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። የጠበቃ ምክር አይደለም፣ አውቃለሁ። የወንድም ነው።

ልጅቷን «ቢያውቅ ምን ይሆናል?» አልኳት። ለእናቷ በየወሩ ትልካለች፤ ጭማሪውን ካወቀ «ለነሱ መላኩ ይብቃ፣ ቤት እንሥራበት» ይላታል ብላ ፈርታለች። እናትየው ሌላ ጧሪ የላትም። ልጅ የተቸገረች እናቱን የመቀለብ የሕግ ግዴታ እንዳለበት ስነግራት አላመነችኝም። ባልሽን ይዘሽው ነዪ፣ ሦስታችንም ቁጭ ብለን እናንብበው አልኳት። እሷ የጭማሪውን ደብዳቤ ትያዝ። እሱም አበሉን ጽፎ ይምጣ።