ሉሚያ ጥሩ ስልክ ነበር፤ ታዲያ ለምን ጠፋ?

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ ይኸው፦ «ሉሚያ የያዘ ሰው ሁሉ ፈጣን ነበር፣ ካሜራው ያምር ነበር ይላል። ያን ያህል ጥሩ ከነበረ ዊንዶውስ ስልክ ለምን ጠፋ? የሁዋዌው ሃርመኒስ ዕጣው ያው ይሆን?» ሉሚያ ማለት ዊንዶውስ ስልክ በሚባለው የማይክሮሶፍት ሥርዓት የሚሠራው የኖኪያ ስልክ ነው፤ ሃርመኒ ደግሞ የሁዋዌ የራሱ የስልክ ሥርዓት ነው። ብዙዎቻችሁ «አፕ የለውማ!» ብላችሁ አልፋችኋል። ልክ ናችሁ። ግን ይሄ መልስ አፑ ለምን እንዳልመጣ አይነግረንም።

በዚያን ጊዜ መገናኛ አካባቢ ሞባይል ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። እሸጣለሁ፣ አፕ እጭናለሁ፣ ሶፍትዌር እንደ አዲስ እጭናለሁ (ፍላሽ አደርጋለሁ)። ራሴም መጀመሪያ ሉሚያ 520፣ በኋላ ደግሞ 920 ይዤ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ካየሁት ልጀምር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን ስልኩን እናመስግነው፤ ይገባዋል። 520 በ2013 የወጣ ርካሽ ስልክ ነው። ራሙ 512 ሜጋባይት ብቻ። በዚያ ዋጋ የሚገኝ አንድሮይድ ያኔ ሁለት ሦስት ነገር ከከፈትክበት ቀጥ ይላል። 520 ግን ጣትህን ተከትሎ ይፈስሳል። ምትሃት የለውም። ማይክሮሶፍት አፖች ከጀርባ ሆነው እንዳሻቸው እንዲሠሩ አይፈቅድም ነበር። አምራቾችም ያገኙትን ቺፕ አይገጥሙም፤ ከተፈቀደላቸው ውስጥ ነው የሚመርጡት። የኖኪያ ካርታ አንዴ ካወረድከው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሽፋኑ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ነው፤ ሲሰለችህ ትቀይረዋለህ። ከዊንዶውስ ስልኮች ሁሉ በብዛት የተሸጠውም ይኸው ነው። የፊት ካሜራ ግን የለውም፣ የካሜራ መብራትም (ፍላሽ) የለውም። በዚያው ዓመት የመጣው ትልቁ 1020 ደግሞ 41 ሜጋፒክስል ካሜራ ነበረው። ሌሎቹ እዚያ ቁጥር ላይ ለመድረስ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ጣጣው የሚጀምረው ብሩ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው። ደንበኛው ስልኩን ይይዝና «በል እንግዲህ ጫንልኝ» ይላል። አንድሮይድ ከሆነ ችግር የለም። አፖቹ ኮምፒውተሬ ላይ ተደርድረዋል፤ በኬብል አስገባለታለሁ። እኔ የሌለኝን ከጓደኛው ስልክ ዜንደር በሚባለው ፋይል መላላኪያ አፕ ይቀበላል። አንድ ሳንቲም ዳታ አይወጣም። ሉሚያ ከሆነ ግን መጀመሪያ አካውንት መክፈት አለብን። ኢሜይል አለህ? የለኝም። እሺ እንክፈት። የይለፍ ቃል እናወጣለን፤ በሳምንቱ ይረሳዋል። ከዚያ ስቶር ውስጥ ገብተን በዳታ አንድ በአንድ እናወርዳለን። ዳታ ደግሞ ያኔ ውድ ነበር። ከጓደኛ ስልክ አፕ መቀበል የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሉሚያዎች፣ 800 እና 710፣ ከዚህም የባሱ ነበሩ። ዘፈን ለመጫን ኮምፒውተር ላይ ዙን የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋል። የሚሞሪ ካርድ ቦታ የላቸውም። ፋይል በብሉቱዝ አይልኩም፣ አይቀበሉም። እስቲ አስቡት! የእኛ ሰው መዝሙሩን፣ ስብከቱን፣ የሠርግ ቪዲዮውን የሚቀባበለው በብሉቱዝ በነበረበት ዘመን። አንድ አባት «ይሄ ስልክ ስብከት አይወድም እንዴ ልጄ?» ያሉኝ እስካሁን ያስቀኛል። የዊንዶውስ ስልክ ስሪት 8 ሲመጣ ብሉቱዙ ተስተካከለ፤ 520ም የሚሞሪ ካርድ ቦታ ነበረው። እዚያው ላይ ግን ስሪት 7 የነበረውን ኤፍኤም ሬዲዮ አወጡት። በ2013 አጋማሽ አምበር በተባለው ማሻሻያ ነው የመለሱት። ከማይክሮሶፍት የመጣ ፋይል ማኔጀር እንኳ እስከ 2014 አልነበረም።

አማርኛ መጻፍን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አንድሮይድ ላይ ኮድ መጻፍ የሚችል ማንም ወጣት የአማርኛ ኪቦርድ ሠርቶ መልቀቅ ይችላል፤ ብዙዎችም ሠርተዋል። ዊንዶውስ ስልክ ከውጭ ሰው የተሠራ ኪቦርድ ጨርሶ አያስገባም ነበር። ማይክሮሶፍት ከሰጠህ አለህ፣ ካልሰጠህ የለህም። እንደኛ ዓይነት ትንሽ ገበያ ላላቸው ቋንቋዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰው ስልክ የሚገዛው ብቻውን አይደለም። የወንድሙን፣ የጓደኛውን፣ የቢሮ ባልደረባውን ስልክ አይቶ ነው። ሲበላሽበት የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል፤ አፕ የሚቀበለውም ከነሱ ነው። ነገሩ እንደ ዕቁብ ነው፤ ሰው ያልሞላበት ዕቁብ ውስጥ ቀድሞ የሚገባ የለም። አፕ ሠሪው «ተጠቃሚ ይብዛና እሠራለሁ» ይላል። ተጠቃሚው «አፑ ይምጣና እገዛለሁ» ይላል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣ ሥርዓት አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው፦ ያገኛቸውን ጥቂት ሰዎች እንዳይበተኑ መያዝ። ማይክሮሶፍት ያበላሸው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሰብስቦ ሰብስቦ መልሶ ይበትናል። ያውም ደጋግሞ።

አመጣጡም የዘገየ ነበር። አይፎን በ2007 ሲወጣ የማይክሮሶፍቱ አለቃ ስቲቭ ባልመር በቃለ መጠይቅ ላይ ስቆበታል፤ 500 ዶላር፣ ያውም ኪቦርድ የሌለው ስልክ ማን ይገዛል ብሎ። ዊንዶውስ ስልክ 7 ገበያ የገባው በ2010 መጨረሻ ነው። አንድሮይድ ሁለት ዓመት ቀድሞታል። በየካቲት 2011 ኖኪያ ከማይክሮሶፍት ጋር መጣመሩን አወጀ። የኖኪያ ሥራ አስኪያጅ ስቲቨን ኢሎፕ ከወራት በፊት የመጣው ከዚያው ከማይክሮሶፍት ነበር። ሲምቢያን፣ ማለትም የኖኪያ ስልኮች እስከዚያ ይሠሩበት የነበረው ሥርዓት፣ እንደሚቀር በአደባባይ ተናገረ፤ የመጀመሪያው ሉሚያ ግን ሱቅ የደረሰው በዓመቱ መጨረሻ ላይ ነው። በመሃል ያሉትን ወራት ነጋዴ የሆነ ሰው ያስባቸው። «ይሄ ዕቃ ሊቀር ነው» ብለህ እያወጅክ ያንኑ ዕቃ እንዴት ትሸጣለህ? የኖኪያ ስማርትፎን ሽያጭ ተንኮታኮተ። ኖኪያ የሚለው ስም እኛ አገር ያለውን ክብር ታውቃላችሁ፤ ያን ሁሉ ክብር ይዞ ነው ወደ ዊንዶውስ ስልክ የገባው።

አሁን ወደ መበተኑ። በሚያዝያ 2012 ሉሚያ 900 አሜሪካ ውስጥ በትልቅ ማስታወቂያ ወጣ። በሰኔ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ስልክ 8ን አስተዋወቀና በስሪት 7 የወጡ ስልኮች በሙሉ ወደ 8 እንደማያድጉ ተናገረ። የውስጡ መሠረት ለትንንሽ መሣሪያዎች ከተሠራው ዊንዶውስ ሲኢ ወደ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ኤንቲ ስለተቀየረ ነው። 900ን የገዛው ሰው ስልኩ ሦስት ወር ሳይሞላው አሮጌ ሆነበት። ማጽናኛ እንዲሆን 7.8 የሚባል ማሻሻያ ተሰጠው፤ ዋናው ነገሩ የዋና ገጹን መልክ መቀየሩ ነበር። ወረፋ ቀድመው የገዙት፣ ለሰው ሁሉ «ግዛው» ሲሉ የነበሩት ናቸው የተጎዱት። እንዲህ ዓይነት ሰው አንዴ ከተቀየመህ ለመመለስ ከባድ ነው።

ታሪኩ በስሪት 10 ተደገመ። ማይክሮሶፍት በስሪት 8 የመጡትን ሉሚያዎች ወደ ዊንዶውስ 10 የማሳደግ ሐሳብ እንዳለው በ2014 ተናግሮ ነበር። ማሻሻያው በመጋቢት 2016 ሲለቀቅ 520 የለበትም። 920 የለበትም። ያ ባለ 41 ሜጋፒክስሉ 1020 እንኳ የለበትም። አፕ ሠሪዎቹም በእያንዳንዱ ዙር አሠራር ተቀይሮባቸዋል። ለ7 የተማሩት መንገድ ለ8.1 ሌላ ነው፤ ለ10 ደግሞ ሌላ። ለሁለት እና ለሦስት በመቶ ሕዝብ ሲባል ማን ሦስቴ ይጽፋል?

ጉግልም እንደማያግዝ የታወቀ ነው። ለዚህ ሥርዓት ጂሜይል፣ ካርታ፣ ዩቲዩብ አልሠራም። በ2013 ማይክሮሶፍት የዩቲዩብ አፕ ራሱ ሠርቶ ለቀቀ። ጉግል «ማስታወቂያ አያሳይም፣ ቪዲዮ ያስወርዳል» ብሎ አፑን ከስቶር አንሡት አለ። በነሐሴ ተስተካክሎ ቢመጣም በቀናት ውስጥ ታገደ። መጨረሻ ላይ አፑ ድረ ገጹን ብቻ የሚከፍት ሆነ። ኢንስታግራም የመጣው በኅዳር 2013 ነው፤ አይፎን ላይ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ። ያውም ቪዲዮ መቅረጽ የማይችል የሙከራ ስሪት። ስናፕቻት ጭራሽ አልመጣም። ዋትስአፕ ነበር፣ ቫይበርም መጥቷል፤ እውነት ለመናገር ለእኛ ደንበኞች ያ ብቻውን ብዙ ነገር ነበር። ግን ሰው አንድ ነገር ሲጎድል ነው የሚያስተውለው።

ገንዘብም አለበት። ጉግል አንድሮይድን ለአምራቾች በነጻ ሲሰጥ ማይክሮሶፍት በእያንዳንዱ ስልክ ፈቃድ ያስከፍል ነበር። ለስልክ ነጻ ያደረገው በሚያዝያ 2014 ነው። ያኔ ሳምሰንግና ኤችቲሲ ጥሩ ጥሩ ዕቃቸውን ወደ አንድሮይድ ካዞሩ ቆይተዋል። የሚያስቀው፣ ማይክሮሶፍት በፓተንቶቹ (በፈጠራ መብቶቹ) ምክንያት ከአንድሮይድ አምራቾች ገንዘብ ይቀበል ነበር። ከሳምሰንግ ብቻ በአንድ ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቷል።

አፍሪካን አልረሱም፤ እኛን ግን ረስተውናል። በየካቲት 2013 ማይክሮሶፍት ከሁዋዌ ጋር ሁዋዌ ፎርአፍሪካ የሚባል ዊንዶውስ ስልክ አወጣ። አዎ፣ ያው ዛሬ ሃርመኒ የሚሠራው ሁዋዌ። ለሰባት አገሮች ነበር፦ ግብፅ፣ ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ኮትዲቯር፣ አንጎላ፣ ሞሮኮ እና ደቡብ አፍሪካ። ኢትዮጵያ አልነበረችም። እኛ ጋ የገባው ሉሚያ በአብዛኛው ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ነው። በዚያው ጊዜ ቴክኖ እዚሁ አገር ውስጥ ስልክ ይገጣጥም ነበር። በሻንጣ የሚመጣ ስልክ መለዋወጫው የለም፤ ስክሪኑ ሲሰበር ሌላ አሮጌ ሉሚያ ፈልገን እንነቅላለን። ጠጋኝ «ይሄን አልነካም» ያለውን ስልክ ደግሞ ሁለተኛ የሚገዛ ሰው አይኖርም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። በ2013 ዊንዶውስ ስልክ በጥቂት የአውሮፓ አገሮች ከገበያው ከ10 በመቶ በላይ ይዞ ነበር፤ በዓለም ደረጃ ግን ከ3 እና 4 በመቶ አላለፈም። ማይክሮሶፍት የኖኪያን ስልክ ክፍል በ2013 በ5.44 ቢሊዮን ዩሮ ለመግዛት ተስማማ፤ ሽያጩ በሚያዝያ 2014 አለቀ። በሐምሌ 2015 ከዚሁ ግዢ ጋር በተያያዘ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ተመዘገበ፤ 7,800 ሠራተኛም ተቀነሰ። በ2017 ከዊንዶውስ ኃላፊዎች አንዱ የሆነው ጆ ቤልፊዮሬ አዲስ ነገር መሥራት የእነሱ ትኩረት እንዳልሆነ በትዊተር ተናገረ። ለአፕ ሠሪዎች ገንዘብ ከፍለናል፣ አፕ ራሳችን ጽፈንላቸዋል፣ ግን የተጠቃሚው ቁጥር ለአብዛኛው ድርጅት አያዋጣም ነው ያለው። በጥር 2020 የመጨረሻው ማሻሻያ ወጣ። ዋትስአፕ ያቆመው በ2019 መጨረሻ ነው፤ እስከዚያ የታገሡ ደንበኞቼም ያን ቀን አንድሮይድ ገዙ።

ስለ ሃርመኒ። እንደ ዊንዶውስ ስልክ ይሆናል ብዬ አላስብም፤ ቢያንስ ቻይና ውስጥ። ምክንያቱም ሁዋዌ ሰዎቹን ከዜሮ አልሰበሰበም። በ2019 አሜሪካ ማዕቀብ ስትጥልበት አገሩ ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ደንበኞች ነበሩት። ቻይና ውስጥ ደግሞ የጉግል አፕ ድሮም ስለሌለ «ዩቲዩብ የለውም» ብሎ የሚመልሰው ደንበኛ የለም። ሲጀምርም የአንድሮይድ አፖችን ይከፍት ነበር፤ ሰው ከለመደ በኋላ ነው በ2024 መጨረሻ በኔክስት ስሪት አንድሮይድን የቆረጠው። በ2024 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ካውንተርፖይንት በሚባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ቆጠራ ቻይና ውስጥ 17 በመቶ ይዞ የአይፎኑን ሥርዓት አይኦኤስን በአንድ ነጥብ በልጧል። አንድሮይድ አፕ ማስኬድ ብቻውን ግን አያድንም፤ የብላክቤሪ ስልኮች ሥርዓት ብላክቤሪ 10ም ያስኬድ ነበር፣ አልተረፈም። ልዩነቱ ቀድሞ የተሰበሰበው ሕዝብ ነው።

ከቻይና ውጭ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ወንድሜ፣ ለመግዛት አስበህ ከሆነ ሁለት ነገር አጣራ። ስልኩ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው ወይስ ለውጭ? ሻጩ «ያው ነው» ቢልህ አትመነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ስሪቱን እይ፤ ኔክስት አንድሮይድን እንደቆረጠ አትርሳ። ሁለተኛ፣ ብሩን ከመቁጠርህ በፊት ሱቁ ውስጥ እንዳለህ ቴሌብርን፣ የባንክህን አፕ እና ቴሌግራምን አስጭነህ ክፈታቸው። የባንኩ አፕ ካልተከፈተ ስልኩን መልስለት።