አባቴ መዋጥ ስለከበዳቸው እንክብሉን እየፈጨሁ ብሰጣቸው ጉዳት አለው?

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። በቀን አንድ ጊዜ ለደም ግፊት 30 ሚሊግራም ኒፌዲፒን፣ ለልባቸው ደግሞ 81 ሚሊግራም አስፕሪን ይወስዳሉ። በቅርቡ መዋጥ ስለከበዳቸው ሁለቱንም ፈጭቼ በውኃ በጥብጬ እሰጣቸዋለሁ። የአስፕሪኑን ብልቃጥ ስከፍት የአቼቶ ሽታ ይሸተኛል፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ግን ገና ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ኒፌዲፒኑን መፍጨት ዛሬውኑ ያቁሙ። መድኃኒቱን ግን በራስዎ ውሳኔ ሳያቋርጡባቸው፣ ቀጣዩ የመውሰጃ ሰዓት ከመድረሱ በፊት ያዘዘላቸውን ሐኪም ያነጋግሩ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ኒፌዲፒን መድኃኒቱን በ24 ሰዓት ውስጥ ጥቂት በጥቂቱ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንደኛው ዓይነት እንክብል በሌዘር የተበሳች እጅግ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ውኃ በሽፋኑ በኩል ሰርጎ በውስጡ ያለውን ንብርብር ሲያሳብጠው መድኃኒቱ በዚያች ቀዳዳ እየተገፋ ይወጣል፣ ባዶው ቅርፊትም ሳይሟሟ ከሰገራ ጋር ይወገዳል። ይህን ቅርፊት አይተው መድኃኒቱ ሳይሠራ የወጣ መስሏቸው የሚደነግጡ ታካሚዎች አሉ፤ ሥራውን ጨርሶ የወጣ ነው። እንክብሉ ሲፈጭ ግን የሙሉ ቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ስለሚገባ ግፊቱ በድንገት ሊያሽቆለቁልና የልብ ምት ሊፈጥን ይችላል። ራስን መሳት ወይም የደረት ሕመም ከታየባቸው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዷቸው። ሐኪሙ በምትኩ አምሎዲፒንን ሊመርጥ ይችላል፤ አምሎዲፒን በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆየው በራሱ ባሕርይ እንጂ በእንክብሉ አሠራር ስላልሆነ መፈጨቱ ያን ያህል አያሳስብም።

የአስፕሪኑ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና ወደ አሴቲክ አሲድ ይከፈላል፤ የሸተተዎት ሁለተኛው ነው፣ አቼቶን አቼቶ የሚያሰኘውም እሱው ነው። ለአባትዎ ትልቁ ኪሳራ የደም መርጊያ ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚያደርገው የአስፕሪን ክፍል በትክክል ይኸው ተነጥሎ አሴቲክ አሲድ የሚሆነው፣ አሴቲል የሚባለው ክፍል መሆኑ ነው፤ የቀረው ሳሊሲሊክ አሲድ ይህን ሥራ አይሠራም፣ ጨጓራን ግን ይቆጠቁጣል። በብልቃጡ ላይ የታተመው ቀን የሚያገለግለው መድኃኒቱ በታዘዘው መሠረት ተከድኖ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ብልቃጥ ለፋርማሲ መልሰው አዲስ ይግዙ፤ እርጥበት መጣጭ የሆነችውን ትንሽ ከረጢትም ከውስጡ አያውጧት። አስፕሪኑ በአንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሸፈነ ከሆነም አይፍጩት፣ ያልተሸፈነ ወይም በውኃ የሚሟሟ ዓይነት እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ሽፋኑ ጨጓራን ከቀጥተኛ ንክኪ ቢጠብቅም አስፕሪን በደም በኩልም ስለሚሠራ የመድማትን አደጋ አያስቀርም፤ ጥቁር ሰገራ ካዩ ለሐኪም ይንገሩ።

ከእንክብሎቹ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን መዋጥ የከበዳቸው በቅርቡ መሆኑ ነው። ምግብም ይይዛቸው እንደሆነ፣ ውኃ ሲጠጡ ትን ይላቸው እንደሆነ፣ ክብደታቸው ቀንሶ እንደሆነ፣ ድምፃቸው ወይም አነጋገራቸው ተለውጦ እንደሆነ ልብ ብለው ያስተውሉና በዚሁ ሳምንት ለምርመራ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ አነጋገራቸው የተለወጠው በድንገት ከሆነ ወይም ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ይውሰዷቸው።