«ከየት አመጣችው?» ልጆችን ከጅምላ ፍረጃ ጠብቆ ስለ ማሳደግ ጥያቄና መልስ

ከትንንሽ ልጆች ጋር በመምህርነት ረጅም ጊዜ አሳልፌያለሁ። ሰውን በዘሩ፣ በመልኩ፣ በእምነቱ ወይም በአካሉ ሁኔታ የማይፈርጅ ልጅ ማሳደግ ለሚፈልጉ ወላጆች፣ ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የማውቀውን ያህል ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ስለ ሰዎች ልዩነት ማውራት ያላሰበውን ነገር ማሳሰብ አይሆንም?

መልስ፦ ሥጋትዎ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ልጅዎ ልዩነትን ለማየት የእርስዎን ንግግር አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት የሦስት ወር ሕፃናትን በሦስት ወገን ተመልክቷል፤ በኢትዮጵያ የሚያድጉ፣ በእስራኤል የሚያድጉ ነጮች፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከሄዱ ቤተሰቦች የተወለዱና ሁለቱንም ዓይነት ፊት በየዕለቱ የሚያዩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወገኖች የለመዱትን ዓይነት ፊት ረዘም አድርገው ሲመለከቱ፣ ሦስተኛዎቹ ግን አላዳሉም። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ ዓይን የለመደውን መፈለጉ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ግን ልዩነቱን ካየ ቆይቷል፤ አሁን የሚፈልገው ያየው ነገር ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ሰው ነው። እርስዎ ዝም ካሉ ትርጉሙን ከሌላ ሰው ይወስዳል።

ጥያቄ፦ በእኛ ቤት ማንም ስለ ማንም ክፉ አይናገርም። ልጄ ግን አንዲት የክፍል ጓደኛዋን «አትንኪኝ» አለቻት። ይህን ከየት አመጣችው?

መልስ፦ በአንድ ወቅት በማስተምርበት ክፍል ልጆቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠርተው የሚዘምሩበት ጨዋታ ነበረን። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ በቀኟ የቆመውን ልጅ እጅ ስትለቅ ምንም አታደርግም፤ በግራዋ የቆመችውን ልጅ እጅ በለቀቀች ቁጥር ግን መዳፏን ቀሚሷ ላይ ትጠርግ ነበር። ፊቷ ላይ ክፋት አይታይም። ሁለት ጊዜ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ወደ ዘፈኗ ትመለሳለች። ነገሩ የገባኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ እናቷ ሊወስዷት መጥተው በር ላይ የዚያችን ልጅ እናት አገኙ፤ ፈገግ ብለው ጨበጧቸው፣ ደኅንነታቸውን ጠየቁ፣ ፊታቸውን መለስ ሲያደርጉ ግን መዳፋቸውን ቀሚሳቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች አንድ ትልቅ ሰው አንዲትን ሴት በፈገግታ፣ ሌላዋን ፊቱን አጨፍግጎ ሲያነጋግር የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲያዩ ተደርጎ ነበር፤ ማንን ይበልጥ እንደሚወዱ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ፈገግታ ያገኘችውን መረጡ። ስለ ሁለቱ ሴቶች አንድም ክፉ ቃል አልሰሙም። ስለዚህ በቤትዎ ክፉ ቃል አለመነገሩን አምናለሁ፤ ነገር ግን ልጅዎ ከእርስዎ አፍ ይልቅ እጅዎንና ፊትዎን፣ ማን ሲመጣ ቦርሳዎን ጠጋ እንደሚያደርጉ ሳይቀር ታነባለች።

ጥያቄ፦ ከንግግራችን ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን የትኛው ላይ ነው? ስድቡ ላይ?

መልስ፦ ስድብ ነውር መሆኑን ልጆች ቶሎ ይረዳሉ። እኔን የሚያሳስበኝ በሰላማዊ ድምፅ፣ ቡና እየተጠጣ የሚነገረው «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች «ዛርፒ» የሚባል በሌላ ቦታ የማይገኝ ሕዝብ ፈጥረው በሥዕል መጽሐፍ ለአራት ዓመት ልጆች አቀረቡ። ለከፊሎቹ ልጆች «ዛርፒዎች ጥንዚዛ ይፈራሉ» ተብሎ ሲነበብላቸው፣ ለሌሎቹ ያው ሥዕል «ይህ ዛርፒ ጥንዚዛ ይፈራል» ተብሎ ተነበበላቸው። በጅምላ የሰሙት ልጆች ፍርሃቱ የዛርፒዎች ተፈጥሮ እንደሆነ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ወደ ማመን አዘነበሉ። ሥዕሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ብቻ ነው።

እኔ ከዚህ ወዲህ ለወላጆች የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ «እነሱ» የሚለውን ትተው ሰውየውንና ያደረገውን ይጥሩ። «እነሱ ጯሂዎች ናቸው» ከማለት «ትናንት ማታ ጎረቤታችን ሙዚቃውን ከፍ አድርጎት ነበር» ማለት ይቻላል። ቅሬታው አልተደበቀም፤ ነገር ግን የአንድ ሰው፣ የአንድ ሌሊት ቅሬታ ሆኖ ቀርቷል። ምስጋናም በዚሁ ሚዛን ይታይ፤ «እነሱ በሒሳብ ጎበዞች ናቸው» የሚል ሰው መጥፎ ያልተናገረ ቢመስለውም፣ ሰዎች በወገን ተከፍለው የተፈጠሩ ናቸው የሚለውን ትምህርት ለልጁ ሰጥቷል። ልጁ ራሱ «ሴቶች ኳስ አይችሉም» ብሎ ከመጣ ደግሞ ከመቆጣት በፊት «ማንን አይተህ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ መጥቀስ አይችልም፤ ያን ጊዜ «እንግዲያው እሷ ዛሬ ኳሱን ሳተች ማለት ነው» ብለው ዓረፍተ ነገሩን ያስተካክሉለት።

ጥያቄ፦ ልጄ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው አይቶ ጮክ ብሎ «ይህ ሰው እግሩ ምን ሆነ?» አለኝ። አፍሬ እጁን ጎትቼ ሄድኩ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ ልጁ ነውር አልሠራም፤ ጠየቀ እንጂ። እጁን ሲጎትቱት ግን የተማረው ያ ሰው የማይታይና የማይነሣ ጉዳይ መሆኑን ነው። በሌላ ጊዜ እዚያው ቆመው፣ በተለመደው ድምፅዎ «አንዳንድ ሰዎች በእግራቸው ይሄዳሉ፣ እኚህ ሰው በወንበራቸው ይሄዳሉ» ይበሉት። ሰውየው ከሰሙ ሰላምታ ይስጧቸው፤ ስለ አካላቸው ግን ልጅዎን ለማስተማር ብለው አይጠይቋቸው፤ ያ የእሳቸው ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ አባቴ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በልጆቼ ፊት ስለ ሌላ ብሔር ሰዎች የሚናገሩት ነገር ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን እሳቸውን ማረም ድፍረት ይሆንብኛል።

መልስ፦ በልጆች ፊት ማሳፈር አያስፈልግም፤ ዝም ማለትም አይገባም፤ ልጆች ዝምታን እንደ ስምምነት ይቆጥሩታልና። «አባባ፣ እኔ የማውቃቸው ሰዎች እንዲያ አይደሉም» የሚል አንድ ለስለስ ያለ ቃል በቦታው ይበቃል። ማታ ልጆቹን ብቻቸውን ሲያገኟቸው «አያታችሁን እንወዳቸዋለን፤ በዚህ ነገር ግን አልስማማም፣ ምክንያቴም ይህ ነው» ይበሏቸው። የሚወዱት ሰው ሊሳሳት እንደሚችል፣ ስሕተቱን ሳይቀበሉ እሱን መውደድ እንደሚቻል የተማረ ልጅ ትልቅ ነገር ይዟል። አባትዎን ደግሞ ለብቻ፣ በረጋ ሰዓት ያነጋግሯቸው፤ የሰሙትን ሳይሆን በራሳቸው የደረሰውን እንዲያጫውቷቸው ይጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ከጅምላው ንግግር ሥር አንድ የቆየ ቁስል አለ።

ጥያቄ፦ ልጆቻችንን ቅይጥ ትምህርት ቤት ማስገባቱ ብቻውን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ግዛት 22 የሚሆኑ የ11 ዓመት ገደማ ወንዶች ልጆችን ለሁለት ከፍሎ አሰፈራቸው። ውድድር ሲጀመር ወዲያው ጠላት ሆኑ፤ አንድ ላይ ፊልም እንዲያዩና አብረው እንዲበሉ ሲደረግም ጠባቸው አልበረደም። የበረደው የሰፈሩ ውኃ ተቋርጦ ሁሉም አብረው መፍትሔ መፈለግ ሲኖርባቸውና ይህን የመሰሉ የጋራ ሥራዎች ሲደጋገሙ ነው። በዚያው ዓመት ሌላው የሥነ ልቡና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት መቀራረብ ፍሬ የሚያፈራው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ሲተባበሩና አስተዳዳሪዎቻቸው ሲደግፉት እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ሲጎበኙ በክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ከመቁጠር አልፈው፣ ልጆቹ በቡድን ሥራ ላይ ከማን ጋር እንደሚመደቡና የክፍል አለቃው ሁልጊዜ ከአንድ ወገን መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንዲት መምህርት ልጆችን በዓይናቸው ቀለም ከፋፍላ አድልዎን እንዳሳየቻቸው ሰምቻለሁ። እኔም በቤቴ ልሞክረው?

መልስ፦ አይሞክሩት። አሜሪካዊቷ መምህርት ጄን ኤልየት ያን ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ ማግሥት ነው፤ ልጆቹ በዚያች ዕለት እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደተጎዳዱ እሷም አይታለች። ልጅ መበደል ምን እንደሚመስል እንዲገባው እናት ወይም አባት ሊበድሉት አይገባም።

ጥያቄ፦ የእኔ ልጅ ሰዳቢ ሳይሆን ተሰዳቢ ነው። በቆዳው ቀለም ይስቁበታል። ምን ልበለው?

መልስ፦ በቅድሚያ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያዳምጡት፤ «ተወው፣ ልጆች ናቸው» አይበሉት። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የሚባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆች ጥቁርና ነጭ አሻንጉሊት አቅርበው ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ ነጩን ጥሩ አሉት፤ ጥናቱ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሕጋዊውን የዘር ክፍፍል ባስቀረው እ.ኤ.አ. የ1954ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔም ተጠቅሷል። ስድብ ልጁ ስለ ራሱ ያለውን ግምት እንዲህ ውስጡ ገብቶ ይለውጠዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ በግልጽ ቃል ይንገሩት፤ መልኩን የሚያስከብሩ ሰዎች፣ ሥዕሎችና ታሪኮች በቤቱ ይኑሩ፤ ከመምህሩ ጋርም እርስዎ ራስዎ ይነጋገሩ፣ ይህን ሸክም ለልጁ አይተዉለት። በንዴት «እነዚያ ሁሉም እንዲህ ናቸው» የሚል ቃል ከአፍዎ እንዳይወጣ ግን ይጠንቀቁ፤ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሌላውን እንዲቀበል ሳስተምረው የራሱን እምነትና ባህል አያቃልልም?

መልስ፦ በእኔ ልምድ የሚታየው ተቃራኒው ነው። የራሱን በደንብ የሚያውቅ ልጅ የሌላውን ሲያይ አይደነግጥም። «እኛ እንዲህ እናምናለን፣ እነሱ ቤት ደግሞ እንዲህ ይጸልያሉ» ብሎ መናገር ሁለቱንም ያከብራል።

ጥያቄ፦ ያቺ እጇን ትጠርግ የነበረችው ልጅ ምን ሆነች?

መልስ፦ ልጅቷን አልገሠጽኳትም። ከግራ ጎኗ ከምትቆመው ልጅ ጋር አበቦቹን ውኃ የማጠጣት ሥራ ሰጠኋቸው፤ ማጠጫው ሞልቶ ሲከብድ ለብቻ የማይነሣ ስለነበር፣ እጀታውን ሁለቱም በአንድነት መያዝ ነበረባቸው። እናቷንም ለብቻቸው አነጋገርኳቸው። በመጀመሪያ ተቆጡ፤ «እኔ እንዲህ አድርጌ አላውቅም» አሉኝ። በሳምንቱ ተመልሰው መጥተው፣ በር ላይ ሰው ከጨበጡ በኋላ እጃቸው ወደ ቀሚሳቸው ሲሄድ ራሳቸውን እንዳገኙት፣ ያን እንቅስቃሴ ደግሞ ከራሳቸው እናት እንዳዩት ነገሩኝ። ልጅቷ መዳፏን መጥረጓን ያቆመችው መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ያ ማጠጫ ቢሞላም ባይሞላም ከዚያች ልጅ በቀር ከሌላ ጋር አልይዝም ትል ነበር።