የሞጆ ቆዳ የፑል ስቲክ ጫፍ ላይ ይሠራል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው የምኖረው። ዕድሜዬ 24 ነው። ከሥራ ስወጣ በሳምንት ሦስት ቀን ፑል እጫወታለሁ። በቅርቡ የራሴን ስቲክ ገዛሁ፣ ሁለት ቦታ የሚፈታ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ወልቆ ወደቀ። ሱቅ ስሄድ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ሰማያዊ ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ሁለተኛው ቡናማ ነው፣ ጠንከር ይላል። ሦስተኛው ለብቻው ትንሽ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው፣ ጎኑን ሲያዩት እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ነው። ዋጋው ግን የሌሎቹን አሥር እጥፍ ነው። እኔ ደግሞ ነጯን ኳስ ከመሐሏ ወጣ አድርጌ ስመታት ስቲኩ ሸተት እያለ ያሳፍረኛል። ለስላሳ ቆዳ ይሻልሃል ያሉኝ አሉ። ጓደኛዬ በበኩሉ «ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ አፍንጫችን ሥር እያለ ለምን ከውጭ የመጣ ቁራጭ ትገዛለህ? ጫማ ሰፊ ጋ ሄደን እናስቆርጥ» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

ወንድሜ፣ ቡናማውን ግዛ። ሱቁ ሳይዘጋ ለመድረስ ከቸኮልክ መልሴ ይኸው ነው። ካልቸኮልክ ግን ቁጭ ብለህ አንብብልኝ። የስቲክህ መንሸራተት ከቆዳው ጥንካሬ የመጣ አይመስለኝም።

ጫፉና ነጯ የሚገናኙት ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ነው። ለስላሳ ቆዳ ትንሽ ቆይቶ ይለቃታል፣ ጠንካራው ቶሎ ይለቃታል። ይህ እጅህ ላይ የሚሰማህን ስሜት ይለውጠዋል። ኳሷን የሚያዞራት ግን የመታሃት ቦታ ነው። ከመሐሏ በራቅክ ቁጥር ሽክርክሪቷ ይጨምራል። ወሰን ግን አለው። የፑል ኳስ ወርዷ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከመሐሏ እስከ ጠርዟ ካለው ርቀት ግማሹን፣ ማለትም 14 ሚሊ ሜትር ያህሉን ካለፍክ፣ ሳጥን ውስጥ ያለው ውዱ ቆዳም ቢሆን ይንሸራተታል።

ይህን ራስህ ልታየው ትችላለህ። ባለ መስመር ከሆኑት ኳሶች አንዷን አንሣ፣ ከ9 እስከ 15 ካሉት ማለት ነው። መስመሩ አግድም እንዲሆን አድርገህ በነጯ ቦታ አስቀምጣት። በአብዛኞቹ ኳሶች ላይ የቀለሙ ላይኛና ታችኛ ጠርዝ የነገርኩህ ወሰን ላይ ነው የሚያርፈው። የስቲክህን ጫፍ ቾክ፣ ማለት እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ብናኝ፣ ቀብተህ ምታት፣ ከዚያ የቾኩን ምልክት ፈልግ። እኔ ፑል ቤት የመጡ ብዙ ልጆች ቀለሙ ውስጥ የመቱ ይመስላቸዋል። ምልክቱን ሲያዩ ነው ከቀለሙ ውጭ እንደመቱ የሚያውቁት።

ምልክቱ ቀለሙ ውስጥ ሆኖም ስቲኩ ከተንሸራተተ፣ ሁለት ነገር ተመልከት። አንደኛው የጫፉ ቅርጽ ነው። ጠፍጣፋ ጫፍ ኳሷን ከጎን ስትመታት በጠርዙ ነው የሚነካት። ጎበጥ ማለት አለበት። ልኩን በሳንቲም ነው የምናየው፣ ወርዱ ከ18 እስከ 21 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳንቲም በማስመሪያ ለክተህ ምረጥ። ሳንቲሙን ከቆዳው ጎን አቁመህ ጉብታቸውን አስተያይ። ሁለተኛው የቆዳው ፊት ነው። ቆዳው ሲመታ ሲመታ ይጠጥርና እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። የአዳማን አቧራም ጨምርበት። ከጥር ጀምሮ ነፋሱ ሲነሳ ጨርቁም ኳሱም ስቲኩም አቧራ ነው። የሚያብለጨልጭ ቆዳ ቾክ አይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን በስሱ አሻክረው። በስሱ ነው ያልኩህ፣ ቆዳው ገንዘብህ ነው።

ቾክን ካነሣን አይቀር፣ ፑል ቤት ውስጥ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ሲቀቡ ሳይ በጣም እበሳጫለሁ። ስማቸው ይመሳሰል እንጂ አንድ አይደሉም። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዓይነት ቾክ እ.ኤ.አ. በ1897 አሜሪካ ውስጥ ባለቤትነቱን ያስመዘገቡት ዊሊያም ስፒንክስ የተባለ ተጫዋችና ዊሊያም ሆስኪንስ የተባለ ኬሚስት ናቸው። ውስጡ ሲሊካና አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፣ ጠንካራና ሹል ብናኝ። ኳሷን የሚይዘው ያ ብናኝ ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይረግፋል። ቾኩንም እንደ መሰርሰሪያ አታሽከርክረው። ቀለም እንደምትቀባ ቀስ አድርገህ ጠርዙንም መሐሉንም ቀባ።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ሰማያዊው ኤልክ ማስተር ወይም እሱን የሚመስል ነው። ለስላሳ ነው፣ ቾክ ይይዛል፣ ስትመታ ድምፁ ደብዘዝ ያለ ነው። ጉዳቱ መስፋቱ ነው። ጨዋታውን በኃይል የምትከፍት ከሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን ይወጣል፣ አንተም በየጊዜው ጎኑን ስትልግ ትኖራለህ። ቡናማው ሌ ፕሮ ወይም ትራያንግል ሊሆን ይችላል። ሌ ፕሮ መካከለኛ ነው፣ ትራያንግል ጠንከር ይላል። ሦስቱንም የሚሠራቸው ቺካጎ ያለው ትዊተን የሚባል ፋብሪካ ነው። ፑል ቤቴን ይዤ በቆየሁባቸው 17 ዓመታት የእኔን ስቲክ ጫፍ ከሌ ፕሮ ለውጬ አላውቅም። መክፈቻውንም ለስላሳውንም ምት በአንድ ስቲክ ለሚመታ ሰው መካከለኛው ይበቃዋል።

ሳጥን ውስጥ ያለው የተነባበረው ነው። እንደ ካሙይና ሙሪ ያሉት የጃፓን ሥራዎች ናቸው። ስስ ቆዳ በሙጫ እየተደራረበ ነው የሚሠራው። ቅርጹን ይጠብቃል፣ ብዙም አይሰፋም። ጥሩ ነገር መሆኑን አልክድም። ግን አብዛኛው የተነባበረ ጫፍ የሚሠራው ከአሳማ ቆዳ እንደሆነ እወቅ። ይህን ሻጩ ላይነግርህ ይችላል። እኔ ጋ አንድ ደንበኛ ውድ ጫፍ አስለጥፎ ከሄደ በኋላ ይህን ሰምቶ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም አለኝ። ልክ ነበር፣ አስቀድሜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ነቅዬ ሌላ ለጠፍኩለት። ከዚያ ወዲህ ሳልናገር ለማንም አልለጠፍኩም። አንተም ይህ የሚያሳስብህ ከሆነ የላም ወይም የጎሽ ቆዳ ብለህ ጠይቅ።

የጓደኛህ ነገር ደስ ብሎኛል፣ እኔም ስላሰብኩት። ሞጆ ስሄድ ጫማ ከሚሠራ ዘመዴ ቁርጥራጭ ቆዳ በፌስታል አምጥቼ አውቃለሁ። መጀመሪያ የበግ ቆዳ ሞከርኩ። የአገራችን የበግ ቆዳ ለጓንት የሚፈለገው ስስና ለስላሳ ስለሆነ ነው። ለስቲክ ግን ያው ስስነቱ ጠላቱ ነው። ሦስት ቁራጭ ደራርቤ ስለጥፈው ሁለት ጨዋታ እንኳ ሳይቆይ ተንሸዋረረ። የፊት ቆዳ፣ ማለት የጫማ የላይኛው ክፍል የሚሠራበት፣ እሱም ይለጠጣል።

የሠራልኝ የሶል ቆዳ ነው። የላም ወይም የበሬ፣ ወፍራም፣ ደረቅ፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ። ከ5 ሚሊ ሜትር የማይሳሳውን መርጬ በክብ መብሻ ቆረጥኩት። ከዚያ ጋራዥ ወስጄ ብረት ቆንጥጦ በሚይዘው ሞርሳ ውስጥ አጥብቄ አሳደርኩት። ሲወጣ ቀጠን ብሎ ጠጥሮ ነበር። ስቲክ ላይ ሁለት ወር ያህል ቆየ። ቾክ ይይዛል፣ ድምፁም ደስ ይላል። ችግሩ ወጥ አለመሆኑ ነው። ከአንድ ቆዳ የቆረጥኳቸው አምስት ቁራጮች አምስት ዓይነት ነበሩ፣ አንዱ እንጨት አንዱ ስፖንጅ። ፋብሪካው የሚያስከፍልህ ለቆዳው ብቻ አይደለም፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት ጫፍ እንድታገኝ ነው። ስለዚህ ጓደኛህን ከሶል ቆዳ እንዲጀምር ንገረው፣ ለልምምድ ስቲክ ይሆናል። በነገራችን ላይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የስቲክን ጫፍ በቆዳ አሻሽሎ ጨዋታውን የለወጠው ፍራንሷ ሚንጎ የተባለ የፈረንሳይ ሻምበል ሲሆን፣ ይህን የሠራው እስር ቤት ውስጥ ነው። እሱ ያለ ፋብሪካ ከጀመረው፣ የጓደኛህን ሙከራ እኔ አልከለክልም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ ለምን ወለቀ? ሲለጠፍ ከሥሩ ስላልጸዳ ይሆናል። የድሮው ሙጫ ጨርሶ ይነሣ። ቆዳው የሚያርፍበትን ነጭ ቀለበት ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርገህ ቀጥ እስኪል አሸው። የአዲሱን ቆዳ ሥርም እንዲሁ። መጠኑንም ለካ። የፑል ስቲክ ብዙ ጊዜ 13 ሚሊ ሜትር ነው፣ የስኑከር ጫፍ 9 ወይም 10 ነው፣ ሱቁ ያንን ቢሰጥህ አትቀበል። ከቀለበቱ በጥቂቱ ሰፋ ያለ ግዛ፣ ትርፉ ይላጋል።

ማስቲሽ አትጠቀም። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ከዓመታት በፊት ሱፐር ግሉ አጥቼ ጫማ ሰፊ ጋ በማስቲሽ አስለጠፍኩ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፣ ያን ጊዜ የአዳማን ሙቀት ታውቀዋለህ። ለሰፈር ውድድር ስጫወት፣ ወሳኙን 8 ቁጥር ልመታ ጎንበስ ስል ቆዳው ወደ ጎን ተንሸራቶ ነበር። አላየሁትም። ኳሷ ሄዳ ሌላ ቀዳዳ ገባች። ማስቲሽ በሙቀት ይለሰልሳል። ወፈር ያለውን፣ እንደ ጄል የሆነውን ሱፐር ግሉ ተጠቀም። ቀጭኑ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ከሥር ድንጋይ ያደርገዋል። አንዲት ጠብታ ትበቃለች። አንድ ደቂቃ ተጭነህ ያዝ፣ አሳድረው። በማግስቱ ስቲኩን ገልብጠህ ጫፉን ጠንካራ እንጨት ላይ አቁመው፣ በአዲስ ምላጭ ትርፉን ወደ ታች ቁረጥ። ጎኑን በምራቅ አርጥበህ በደረቅ ወረቀት በፍጥነት ፈትገው፣ ይጠጥርና ያብለጨልጫል። ጎኑ ቢያብለጨልጭ ጥሩ ነው፣ ፊቱ ብቻ ነው ማብለጭለጭ የሌለበት።

ጋሼ፣ መብራት ኃይል አካባቢ አራት ጠረጴዛ ያለው ፑል ቤት አለኝ። 12 ስቲክ አለኝ፣ በየሳምንቱ የሁለት የሦስቱ ጫፍ ይወልቃል። ልጆቹ ሳያዩ በባዶው ሲመቱ ጨርቁ ተቀደደብኝ። ብሎን ያለው ጫፍ ይሻለኛል?

እህቴ፣ ብሎን ያለውን ይተዉት። ብዙ እጅ በሚነካው ስቲክ ላይ በየቀኑ ይላላል፣ ልጆቹም እየፈቱ ይጫወቱበታል። ጠንካራውን የሚለጠፍ ጫፍ በሳጥን ይግዙ፣ ሲበዛ ዋጋው ይቀንሳል። ለቤት ስቲክ ጠንካራው ነው የሚሻለው፣ ማንም እንደፈለገ ቢመታበትም አይሰፋም። ስቲኮቹን ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይስጧቸው። ማታ ሲዘጉ አንድ በአንድ ጫፋቸውን በአውራ ጣት ገፋ ያድርጉ። የሚነቃነቀውን ለይተው ያስቀምጡ፣ ጠዋት ይለጠፋል። ቆዳው ከ2 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ሳይወልቅ ይቀይሩት። ጫፍ ከጨርቅ ጋር በዋጋ አይወዳደርም፣ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በመስኮት ፀሐይ የሚገባበት ግድግዳ ላይ አያስደግፏቸው፣ እንጨቱ ይጎብጣል። ቀጥ ብለው የሚቆሙበት መደርደሪያ አናጢ ያሠሩ።

ጋሼ፣ ሰማያዊውን ጫፍ ወተት ውስጥ ቢነክሩት ይጠነክራል የሚል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው? የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ።

እውነት ነው ልጄ። አሜሪካኖች ኤልክ ማስተርን አንድ ቀን ወተት ውስጥ ያሳድሩና አድርቀው ሞርሳ ውስጥ ይጨምቁታል። ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ መጨመቁ ደግሞ ቆዳውን ያጠጥረዋል። እኔም አራት ሠርቻለሁ፣ ሦስቱ አሪፍ ወጡ። ከሞርሳው በፊት በደንብ መድረቁን አረጋግጪ፣ እርጥብ ከጨመቅሽው ይሸታል። በጥላ አድርቂው፣ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል። የነከርሽበትን ወተት ደግሞ ድፊው፣ ድመትም እንዳይቀምሰው። ቆዳው የለፋበት ኬሚካል ወጥቶበታል።