አስፋልት ዳር ማን ይስፈር? የአገር ልጆች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እሁድ ፒያሳ የወረዳችን ተወላጆች ስንሰበሰብ ግማሹ ሰዓት በቡናና በሰላምታ አለቀ። ጥያቄዎቹ በወረቀት ተሰብስበው ለእኔ ተሰጡ። በገጠር ወረዳዎች በፕላን ሥራ ብዙ ዓመት ስለዞርኩ «አንተው ጨርሰው» ተባልኩ። እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

ወረዳችን ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው? (ከአራት ኪሎ)

ቁርጡን የሚነግርህ የለም። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ አገሪቱ 73.7 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበራት። ከመቶው 84ቱ የገጠር ነዋሪ ነበር። ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ሊደረግ ታስቦ ተራዘመ፤ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ከ1999 ወዲህ የምትሰማው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው።

ቀበሌ ብትሄድ ደግሞ ሦስት ዓይነት ቁጥር ታገኛለህ። የግብር ዝርዝር አለ፣ የእርዳታ ዝርዝር አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዝገብ አለ። እርዳታ ሲመጣ ሰው ይበዛል፤ መዋጮ ሲመጣ ሰው ይሳሳል። እኔ የማምነው የጤና ኤክስቴንሽኗን ነው። ቤት ለቤት የምትዞረው እሷ ናት። ማን እንዳረገዘ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ዓረብ አገር እንደሄደ ታውቃለች።

አንድ ቀላል ስሌት ልስጥህ። በ1987ና በ1999 ቆጠራዎች መካከል ሕዝቡ በዓመት በ2.6 በመቶ አድጓል። ሰባን ለዚህ ቁጥር አካፍለው። 27 ይመጣል። በዚያ ፍጥነት ከቀጠለ ሕዝቡ በ27 ዓመት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቦኖው እጥፍ ካልሆነ ግን ቆመን ሳይሆን ወደ ኋላ ሄደን ነው።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እያሉ ስምንት ዘጠኝ ይወልዳሉ። ልማቱ ምን ሊፈይድ? (ከካዛንቺስ)

ጋሼ፣ በዚህ አልስማማም። ይቅርታዎን። የሚያውቁት የእናትዎን ዘመን ነው። የሕዝብ ፖሊሲው በ1985 ሲወጣ አንዲት እናት በአማካይ 7.7 ልጅ ትወልዳለች ተብሎ ነበር። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቁጥሩ 4.6 ሆኗል። ገጠር ለብቻው 5.2 ነበር፤ አዲስ አበባ 1.8። እዚህ መሃል ከተማ የተቀመጥነው ራሳችንን የምንተካበትን ያህል እንኳ አልወለድንም።

ታዲያ ለምን ሰዉ በዛ? እናቶቹ ስለበዙ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የተወለዱት ልጃገረዶች አሁን ትዳር ላይ ናቸው። እያንዳንዷ ከእናቷ ግማሹን ብትወልድም ድምሩ ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ የመጪዎቹ ሃያ ዓመታት አዲስ አባወራዎችና እማወራዎች ተወልደዋል። ይኸው ትምህርት ቤት ናቸው። ዛሬ የሚደረግ ምክር እነሱን አይቀንስም። የት ቤት ይሠራሉ፣ ምን በልተው ያድራሉ፣ ይህን ነው መጠየቅ ያለብን።

አባቴ አራት ጥማድ አለው። አምስት ወንድማማቾች ነን። ምን ይደረግ? (ከሰንጋ ተራ)

አራት ጥማድ ማለት አንድ ሄክታር ገደማ ነው። ለአምስት ሲካፈል ለአንዱ አንድ ጥማድ እንኳ አይደርሰውም። በሬው ዞሮ የማይመለስበት መሬት ይሆናል። የክልል ሕጎች ማሳ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይከፋፈል ይከለክላሉ። ግን ወንድማማቾች በቃል ሲካፈሉት ማን ያያል? የመሬት ደብተሩ ላይ አንድ ስም፣ ማሳው ላይ አምስት ሰው።

ሕጉ ራሱ ችግር ነበረበት። በ2016 በአዲስ የተተካው የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላና በግብርና መተዳደር የሚፈልግ ሁሉ መሬት የማግኘት መብት አለው ይል ነበር። ጥሩ ቃል ነው። መሬቱ ግን የለም። በብዙ ወረዳ የተደረገው የወል ግጦሹን ቆርሶ ለወጣቶች ማደል ነው። ያ ደግሞ አንዴ ካለቀ አለቀ። ከብቱም መዋያ አጣ።

የሰው ብዛት ብቻውን አይገድልም፤ ይህን ጌዴኦ ሄጄ አይቻለሁ። ከአገሪቱ በጣም ሰው ከታጨቀባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። እንሰት ከታች፣ ቡና ከመሃል፣ ትልልቅ ዛፍ ከላይ። ትንሿ ጓሮ ሦስት ፎቅ አላት ብል ይቀለኛል። ያ መልክዓ ምድር በ2016 መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የእኛ ደጋ ቡና አያበቅልም፤ እንዳለ ገልብጠን አንወስደውም። ሐሳቡን ግን መውሰድ ይቻላል። ካንተ ወንድሞች ሁለቱ መሬቱን ይያዙ፣ ሦስቱ ሙያ ይያዙ። ድርሻቸውን ለሁለቱ ያከራዩ። ኪራይ በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ሽያጭ ግን አይደለም።

ከተማዋ ለምን አስፋልቱን ተከትላ እንደ እባብ ረዘመች? (ብዙ ሰው ጠይቋል)

ይሄ የእኔ ቁስል ነው። ትንሽ ታገሱኝ።

አስፋልት ሲመጣ ሻይ ቤት ይመጣል። ቀጥሎ ወፍጮ፣ ጎሚስታ፣ የባጃጅ ማቆሚያ። ሁሉም መንገዱን ይዞ ይደረደራል። ከኋላ ያለው ማሳ መውጫ ያጣል። ውሃና መብራት ለመዘርጋት አምስት ኪሎ ሜትር መጎተት አለብህ፤ ክብ ሆና ብታድግ ግን አንድ ይበቃ ነበር። የቧንቧው ዋጋ ሕዝቡ ኪስ ላይ ይወድቃል። ልጆችም በየቀኑ የጭነት መኪና መንገድ ያቋርጣሉ።

የ2000 የከተማ ፕላን አዋጅ ማዘጋጃ ቤት ያለውን፣ ወይም 2,000 ሰው ኖሮት ከሠራተኛው ግማሹ ከግብርና ውጭ የሚተዳደርበትን ቦታ ከተማ ይለዋል። መዋቅራዊ ፕላን፣ ማለትም የከተማዋ ጠቅላላ አቀማመጥ የሚሰመርበት፣ ደግሞ ለአሥር ዓመት ያገለግላል። እዚህ ላይ ክፍተት አለ። 1,500 ሰው ያላት መንደር ከተማ አይደለችም፤ ስለዚህ ፕላን የላትም። 2,000 ስትሞላ ፕላን ይሠራላታል። በዚያን ጊዜ ግን መንገዱ ዳር በሙሉ ተይዟል። ፕላኑ የሚመጣው የተሠራውን ሊያፈርስ ነው። ጨረቃ ቤት እያልን እንሳደባለን እንጂ ቀድሞ ችካል ተክሎ «መንገዱ በዚህ ያልፋል» ያለ ማን አለ? ሕንፃ ኋላ ይደርሳል። ዋናዎቹን መንገዶች፣ ገበያውንና የጎርፍ መውረጃውን አስቀድሞ ማስመር ግን የሦስት ሰው የአንድ ወር ሥራ ነው።

ሌላው ጣጣ ሜዳው ነው። ለቤት የሚመቸው መሬት ለጤፍም ይመቻል። ስለዚህ ከተማ ሲሰፋ የሚበላው ምርጡን ማሳ ነው። ወደ ድንጋያማው ተረተር ቢወጡ መሠረቱ ያስወጣል፤ ግን መረሬ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ክረምት ከበጋ ሲሰነጠቅ ያየ ሰው የትኛው እንደሚረክስ ደግሞ ያስብ።

ለተነሳው ገበሬ ካሳው በቂ ነው? (ከለገሃር)

በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ከፊተኛው ይሻላል። ምትክ መሬት ያልተሰጠው ገበሬ ከንብረቱ ግምት ሌላ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ 15 እጥፍ ይከፈለዋል። ድሮ 10 እጥፍ ነበር፤ የሚሰላውም በአምስት ዓመት አማካይ ነበር። እንበል በዓመት 60,000 ብር የሚያገኝ ገበሬ 900,000 ብር ይይዛል። ብዙ ይመስላል። ባጃጅ ይገዛል፣ ሠርግ ይደግሳል፣ ቤት ይሠራል። እንዲህ ያለውን ሰው ሦስተኛው ዓመት ላይ የባጃጅ ጥበቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ያውም የሰው ባጃጅ። ገንዘቡ አነሰ የምትሉ አላችሁ። እኔ የምለው ደግሞ ገንዘቡ በአንድ ቀን ከሚሰጠው ይልቅ በከተማው መሬት ላይ ሱቅ ቢሰጠው ይበጀው ነበር።

ሰው ወደ ሰፊ መሬት አይሰፍርም? (ከጊዮርጊስ)

ተሞክሯል። በ1977ና 78 ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከልና ወደ ወለጋ ተወሰደ። ወባው፣ ጠቡ፣ ናፍቆቱ። «ባዶ» የተባለው መሬትም ባለቤት ነበረው። ከዚህ በላይ አልሄድም።

ማህበራችን ገንዘብ ሲያዋጣ ምን ይሥራ? ትምህርት ቤት ይሻላል? (ከአምባሳደር)

ክፍል አትሥሩ። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ስለሆነ ሁሉም ይሠራዋል። ለገጠር ሴት ልጆች ማደሪያ ሥሩ። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ከተማ መጥተው አንድ ጠባብ ክፍል ለአራት ይከራያሉ። ስንቅ ሲያልቅ፣ ወይም አንድ ነገር ሲደርስባቸው ያቋርጣሉ። ቀጥሎ ያለው ጋብቻ ነው። በዚያው የ2008 ጥናት ያልተማረች ሴት በአማካይ 5.7 ልጅ ስትወልድ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማረችው 1.9 ነው የወለደችው። ስለ ሕዝብ ብዛት ለምትጨነቁት ከዚህ የቀረበ መልስ የለኝም። ግቢውን ስትሠሩ ሽንት ቤቱን ከጉድጓድ ውሃው ቢያንስ 30 ሜትር አርቁ። ይሄንን በቃለ ጉባኤ አጽፉልኝ።

አንተስ አገር ቤት ቤት ልትሠራ ነው? (ስሙን ያልጻፈ)

ባለፈው ጥር ታናሽ ወንድሜ ደወለ። «አስፋልት ዳር ቦታ ተገኝቷል፣ ቶሎ በል» አለኝ። ቦታውን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ከብት እየጠበቅሁ የዋልኩበት የጤፍ ማሳ ዳር ነው። ውሉ በጓሮ በር የሚፈረም እንደሆነም ገባኝ። እምቢ አልኩት። ወር ሳይሞላ ሌላ ሰው ወሰደው። በፋሲካ ስሄድ በቆርቆሮ ታጥሮ አየሁት። ወንድሜ እስካሁን አኩርፎኛል።