ለጥምቀት ጎንደር በቡድን ለምትመጡ፦ ቀብድ ከመሰብሰባችሁ በፊት

ይህን የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ኖሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ጥር በገባ ቁጥር አዘዞ አየር ማረፊያ በር ላይ ቆሜ የምቀበለው ቡድን አጥቼ አላውቅም፤ ማኅበርተኛ ይመጣል፣ አብሮ አደግ ይመጣል፣ ልጆቹን የጫነ ቤተሰብ ይመጣል። እዚያ ሳለሁም የማኅበራችንን ትኬት የማስቆርጠው እኔ ነበርኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው በትኬት መወደድ ሲኳረፍ አላየሁም። የሚኳረፈው "ቀርቻለሁ" ባለ ሰው ገንዘብ ነው።

የራሴን ላስቀድም። አንድ ዓመት 22 ሰው ሆነን ለከተራ ለመድረስ ተነሳን። ቀብዱን ሰብስቤ ለአየር መንገዱ ከፈልኩ፣ ውሉንም ፈረምኩ። ኅዳር ላይ የአንዲት እህታችን አባት አረፉ፤ እሷና አራት ዘመዶቿ ለለቅሶ ቀድመው ሄዱ። ውሉ ያለ ቅጣት እንድቀንስ የሚፈቅድልኝ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። የሦስቱ ቀብድ እዚያው ቀረ። ሐዘን ላይ ላለች ሴት "እታለም፣ ገንዘባችሁ አይመለስም" ብዬ ልደውል? አልቻልኩም። ግማሹን ከኪሴ ሸፍኜ ሌላውን ለቡድኑ በተዋጣው ገንዘብ ዘጋሁት። ገንዘቡ የእነሱ የሆኑት ሰዎች ግን አልተጠየቁም ነበርና ቅሬታው ዓመት ሙሉ ማኅበሩ ውስጥ ሲዞር ከረመ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚቀር ሰው ገንዘብ ምን እንደሚሆን የመጀመሪያውን ቀብድ ከመቀበሌ በፊት ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ ሁሉም ፈርሞበት ማለቅ ነበረበት።

የቡድን ትኬት ከነጠላው ይለያል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ቡድን የሚሉት 10 ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ በኢንተርኔት ደግሞ በአንድ ጊዜ ከ9 ሰው በላይ መቁረጥ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ከዚያ ስታልፉ በአየር መንገዱ የቡድን ክፍል ወይም በኤጀንት በኩል ትጠይቃላችሁ። ለሁሉም አንድ ዋጋ ይቆርጡላችኋል፣ መቀመጫውን በቀብድ ይይዙላችኋል፣ የተጓዡንም ስም ቆይታችሁ እንድትሰጡ ጊዜ ይሰጧችኋል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ትኬቱ እስኪወጣ ድረስ የቀረውን ሰው በሌላ መተካት ይቻላል። ርካሽ ይሆናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። በአንድ በረራ ላይ መቀመጫ በብዙ ዓይነት ዋጋ ነው የሚሸጠው። በርካሹ ዋጋ የቀረው 4 መቀመጫ ከሆነና እናንተ ስምንት ሆናችሁ አንድ ላይ ከጠየቃችሁ፣ ሲስተሙ ለስምንቱም ውድ የሆነውን ያወጣል። ስለዚህ አሥር የማትሞሉ ከሆነ በሁለት በሦስት ተከፋፍላችሁ መቁረጡን አነጻጽሩ። ያኔ አንዱ ቢቀር የሌላውን ትኬት አይነካም።

ውሉን ስትቀበሉ ዓይናችሁ መጀመሪያ ቀኖቹ ላይ ይረፍ፦ ቀብድ የሚከፈልበት፣ ያለ ቅጣት መቀነስ የሚቻልበት፣ ስም ዝርዝር የሚገባበት፣ ትኬት የሚወጣበት። ስንት ሰው መቀነስ እንደሚፈቀድም በቁጥር ይጻፍላችሁ፤ "ትንሽ ቢቀንስ ችግር የለውም" የሚል የስልክ ቃል አትያዙ። ቁጥራችሁ ከአሥር በታች ከወረደ የቡድኑ ዋጋ እንዳለ ሊፈርስ እንደሚችልም ጠይቁ። አሥራ አንድ ሆኖ መነሳት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለራሳችሁ ደግሞ ከአየር መንገዱ ቀን ሁለት ሳምንት የቀደመ ቀን አስቀምጡ። ሐበሻ በመጨረሻው ሰዓት እንደሚከፍል ሁላችንም እናውቃለን።

ስም ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበት እዚህ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ፓስፖርቱ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ባል በአያቱ ይጠራል፣ ሚስት በአባቷ፣ አሜሪካ የተወለደው ልጅ በአባቱ አባት። ፀሐይ የምትባል እህት በላቲን ፊደል ስሟ አንድ ቦታ በቲ ይጀምራል፣ ሌላ ቦታ በኤስ። በቴክስት የተላከላችሁን ስም እንዳትጠቀሙ፤ የፓስፖርቱን ፎቶ አስልካችሁ ፊደል በፊደል ቅዱ። ትኬት ከወጣ በኋላ የአንድ ፊደል ስህተት ምናልባት ይታረማል፤ ሰውን በሰው መተካት ግን በአብዛኛው አይፈቀድም። ፓስፖርቱ ከስድስት ወር በላይ የቀረው መሆኑንም ያኔውኑ ተመልከቱ።

ቀኑም ያሳስታል። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ከተራው ጥር 10። በፈረንጅ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2016 እንዲያ ነበር፣ በ2020ም እንዲያ ይሆናል። ያለፈውን ዓመት ቀን ገልብጦ መቁረጥ አይገባም። ሰዓቱንም ለእናቶች በእኛ አቆጣጠር ንገሯቸው፤ ትኬቱ ላይ 07:00 ያለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ስረዛ። እናንተ ስትሰርዙና እነሱ ሲሰርዙ ሰማይና ምድር ነው። እናንተ ስትሰርዙ የሚገዛችሁ የትኬቱ ደንብ ነው። እነሱ ሲሰርዙ ግን ሕግ ከጎናችሁ ይቆማል። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ የሚመለስ በረራ ተሰርዞ የቀረበላችሁን አማራጭ ካልተቀበላችሁ ገንዘቡ መመለስ አለበት፤ በፈረንጅ 2024 በወጣው የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት በካርድ ለተከፈለ በ7 የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ ለተከፈለ በ20 ቀን። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለምትነሱ ደግሞ በረራው ሊነሳ ከ14 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከተሰረዘና ምክንያቱ ከአየር መንገዱ አቅም በላይ ካልሆነ፣ እንደ ጎንደር ላለ ሩቅ መንገድ ካሳው እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ይህ መብት የሚሠራው የአውሮፓ አየር መንገድ ከያዛችሁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወሬ ስትሰሙ ቸኩላችሁ አትሰርዙ። በ2012 መጋቢት፣ ኮሮና ሲገባ፣ ለፋሲካ ሊመጡ ከነበሩት ወዳጆቼ ሦስቱ ደንግጠው ሰረዙና ቅጣት ተቆረጠባቸው። ከሳምንት በኋላ አየር መንገዱ ራሱ በረራውን ሰረዘው፤ የጠበቁት ሙሉ ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። በገንዘቡ ፈንታ ቫውቸር፣ ማለትም ለሌላ ጊዜ ትኬት የሚሆን ወረቀት፣ ሲቀርብላችሁም እሺ ከማለታችሁ በፊት ጥሬው ገንዘብ ይገባኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስትጠብቁ ግን የመነሻው ሰዓት አይለፋችሁ። ሳይሰርዙ መቅረት ከሁሉም የከፋ ነው፤ የመጀመሪያውን በረራ የዘለለ ሰው የመመለሻውም ይሰረዝበታል።

በኤጀንት ከሆነ ክፍያው በካርድ ይሁን። በዜል (አሜሪካ ውስጥ ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ በሚላክበት መንገድ) የላካችሁት ገንዘብ ነገር ሲበላሽ በባንክ በኩል መከራከሪያ በር የለውም ማለት ይቻላል። በካርዱ መግለጫ ላይ የማን ስም እንደወጣም ተመልከቱ፤ የኤጀንቱ ከሆነ ገንዘቡን የምትጠይቁት እሱን ነው።

ከቦሌ ጎንደር ያለውን በረራ ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት አስቆርጡት። ለየብቻ ከሆነ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው የሚጠብቃችሁ ግዴታ የለበትም፤ የሻንጣው ልክም ስለሚያንስ ለዘመድ የያዛችሁትን ቦሌ ላይ በኪሎ ትከፍሉበታላችሁ። በ2015 ነሐሴ ግጭቱ በበረታበት ሰሞን ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት ቀን የምታድሩበት ቦታና ወጪ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ እዚህ ላለ ዘመድ ደውላችሁ ጠይቁ፣ እኛ ያለውን እንነግራችኋለን።

ሁሉም የሚፈርምበት የቡድኑ ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ የሚለውም ይህን ነው። እስከዚህ ቀን የቀረ ቀብዱ ሙሉ ይመለስለታል፤ ከዚያ በኋላ የቀረ ምትክ ካመጣ ይመለስለታል፣ ካላመጣ አየር መንገዱ የመለሰውን ያህል ብቻ። ለለቅሶና ለሕመም ደግሞ ከእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ገንዘብ አስቀድማችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ለእድር እንደምናዋጣው ማለት ነው። ያ ቢኖረኝ ያቺን እህታችንን ቀና ብዬ አናግራት ነበር። ገንዘቡን የሚይዘውና ትኬቱን የሚያስቆርጠው አንድ ሰው አይሁን፤ እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የተጎዳሁት።

ስትቀንሱ ደግሞ ወደዚህም ደውሉ። ለጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ ከወራት በፊት ነው የሚያዘው፤ ለእናንተ የተያዘው ክፍል ለሌላ ተከልክሎ ነው። ኮስተሩን ይዞ አዘዞ የሚጠብቃችሁ ሹፌር ለእናንተ ሲል ሌላ ሥራ መልሷል። አምና 14 ሰው ይመጣል ተብሎ 9 ሲወርድ አብሬው ቆሜ ነበር፤ የቀሩት አምስቱ ኋላ ያሉ መስሎት ሻንጣ መቀበያው ባዶ እስኪሆን ጠበቀ። ቤት ደግሞ የአንዱ እናት ጠላውን ጠምቀው፣ ድፎውን ደፍተው፣ ልጃቸው እንደቀረ የሰሙት ከእኛ አፍ ነው።