እናትሽን «ኑዛዜ» አትበያቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የእናትሽ ሐኪም የአድቫንስ ዳይሬክቲቭ ፎርም (ራሳቸው መናገር ቢያቅታቸው ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልጉና ማን እንዲወስንላቸው ቀድመው የሚጽፉበት) ሲሰጣቸው «ገና ሳልሞት ልትቀብሩኝ ነው?» ብለው ተቆጡ፤ ምን ላድርግ ነው ያልሽው። እኔም እንዳንቺ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ያየሁትን ልንገርሽ።

አባቴን ስትሮክ ሲመታው የተጻፈ ነገር አልነበረም። እናቴ ቀድማ አርፋለች። እንዲህ ሲሆን በሜሪላንድ ሕግ ውሳኔው የልጆች ነው፣ የሁሉም እኩል። አራት ነን። ታላቅ ወንድሜ «አባባ አይሠቃይ፣ ማሽኑ ይነሳ» አለ። እህቴ «አባቴን አትገድሉትም» አለች። ነገሩ የሆስፒታሉ ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። አባባ የመተንፈሻ ቱቦውን እንዳይነቅል እጆቹ ከአልጋው ጋር ታስረው ዘጠኝ ቀን ቆየ። ወንድሜና እህቴ ለቅሶ ላይ እንኳ ጎን ለጎን አልተቀመጡም።

ስለዚህ አክስቴ ዘንድ ፎርሙን ይዤ አልሄድኩም። ኑዛዜ የሚለውንም ቃል አላነሳሁም፤ ንብረት ማከፋፈል ነው የሚመስላቸው። ቡና እያፈላች «አባባ ማሽን ላይ ሳለ ምን አሰብሽ?» አልኳት። ሲኒዎቹን ስትደረድር ቆየችና «እኔን እንደዚያ እንዳታስሩኝ። ግን ሳልቆርብ እንዳልሄድ» አለች። ፎርሙ ላይ የጻፍነው ይህንኑ ነው።

እሷ መናገር ቢያቅታት የሚወስንላት ወኪል አድርጋ የመረጠችው እኔን ሳይሆን ትንሹን ወንድሜን ነው። «አንቺ ታለቅሻለሽ፤ እሱ ይጠይቃል» አለችኝ። ከፍቶኝ ነበር፤ ግን እውነቷን ነው።

ፎርሙ ከሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። ጠበቃም ኖተሪም አያስፈልግም፤ ሁለት ምስክር ይበቃል። ወኪሉ ራሱ ምስክር መሆን አይችልም። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ደግሞ በእናትሽ ሞት በገንዘብ የማይጠቀም ሰው መሆን አለበት። እኛ ሁለት የዕድር ሴቶች አስፈረምን። እናትሽ ራሳቸው መወሰን እስከቻሉ ድረስ ቃሉ የሳቸው ነው፤ የጻፉትንም መቀየር ይችላሉ። ይህን ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ አክስቴን ያረጋጋት እሱ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ አንቺ አታስተርጉሚ። ሆስፒታሉን የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አያስከፍሉም። ልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለ።

ሞልስት የሚባለው ሌላ ነው። እሱ ሕይወትን ስለሚያቆዩ ሕክምናዎች፣ እንደ መተንፈሻ ማሽን ስላሉት፣ ሐኪም የሚፈርመው ትእዛዝ ነው፤ የአምቡላንስ ሠራተኞች የሚከተሉት ያንን ነው። ሐኪማቸውን ለብቻው ጠይቂ።

ኮፒውን ለሐኪማቸውና ለወኪላቸው ስጪ። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት አያገኙትም። ምስክር ካጣሽ ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ነኝ፤ እመጣለሁ።